የሐሞት ቱቦን በኮንትራስት አልትራሳውንድ ማየት፦ ከብልቃጡ እስከ ሪፖርቱ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላይ እንስማማ። በደም ሥር የምንሰጠው የአልትራሳውንድ ኮንትራስት፣ ማለትም ምስሉን የሚያደምቀው መድኃኒት፣ ወደ ሐሞት አይገባም። ብዙ ሬዚደንቶች ኤምአርአይ ላይ ጉበት አጣርቶ ወደ ሐሞት የሚያወጣውን ኮንትራስት ስለለመዱ፣ እዚህም ትንሽ ቢታገሡ የሐሞት ቱቦው ውስጥ የሚበራ ይመስላቸዋል። አይበራም። ጉበቱ ይበራል፣ የቱቦው ግድግዳ ይበራል፣ ውስጡ ያለው ሐሞት ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኮንትራስቱ ስስ የቅባት ሽፋን ያላቸው የጋዝ አረፋዎች ናቸው። በብዛት የሚታወቀው ሶኖቪው፣ አሜሪካ ውስጥ ሉማሰን የሚባለው፣ ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የተባለ ጋዝ የያዘ ነው። የአረፋዎቹ አማካይ ስፋት 2.5 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ከቀይ የደም ሴል ያንሳሉ፣ ስለዚህ በሳንባ አልፈው እስከ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይደርሳሉ። ከደም ሥር ግን አይወጡም። የሲቲ ኮንትራስት ከደም ሥር ሾልኮ ወጥቶ በሴሎች መካከል ይሰራጫል፤ አረፋው ግን ደም ያለበት ቦታ ብቻ ነው የሚገኘው። ጋዙ በትንፋሽ ይወጣል፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ከሞላ ጎደል ያልቃል። ኩላሊት ጋ ጉዳይ የለውም። ክሬአቲኒኑ፣ የኩላሊት ድካም መለኪያው፣ 4 የገባ በሽተኛ፣ ቢጫነቱ ኩላሊቱን ጭምር የጎዳው ሰው፣ ያለ ስጋት ሊመረመርበት ይችላል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው።

እንግዲህ ይህን መሣሪያ የምንጠይቀው ሁለት ዓይነት ጥያቄ ነው፣ መንገዳቸውም የተለያየ ነው። በደም ሥር ስንሰጠው የምንጠይቀው "ይሄ ያየሁት ነገር ደም ይደርሰዋል ወይ?" ብለን ነው። በድሬይን፣ ሐሞትን በቆዳ በኩል ወደ ውጭ ከረጢት በሚያፈሰው ቀጭን ቧንቧ፣ ወይም በመርፌ ቀጥታ ቱቦው ውስጥ ስንሰጠው ደግሞ "መንገዱ እስከ የት ክፍት ነው?" ብለን ነው። ብልቃጡን ከመክፈታችሁ በፊት የትኛውን እየጠየቃችሁ እንደሆነ ወስኑ። ሁለቱ የተቀላቀሉበት ምርመራ መጨረሻ ላይ ለማንበብ ያስቸግራል፣ ሐኪሙም የማይጠቅመው ሪፖርት ይደርሰዋል።

መቼ ነው የሚያስፈልገው?

በሽተኛው ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሽንቱ ጠቁሮ፣ ሰውነቱን እያሳከከው ይመጣል። ተራው አልትራሳውንድ ጉበት ውስጥ ያሉት ቱቦዎች መስፋታቸውን ያሳያል። ዋናው ቱቦ ውስጥ ጥላ የጣለ ጠጠር ቁልጭ ብሎ ከታየ ኮንትራስት መክፈት ብክነት ነው፣ በአፍ በሚገባ ካሜራ ቱቦውን ወደሚከፍተው ኢአርሲፒ ወይም ወደ ቀዶ ሕክምና ይሂድ። ወስፋት የገባበት ቱቦም እንዲሁ ነው። አገራችን ወስፋት ያለበት አገር ስለሆነ ዓይናችሁ ሊለምደው ይገባል፦ ጥላ የሌለው ረጅም ነገር፣ በሁለት ትይዩ መስመሮች የታጠረ፣ አንዳንዴ ስክሪኑ ላይ ሲንቀሳቀስ የሚታይ። ይህን ለማወቅ አረፋ አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው ግራ ሲያጋባን ነው። ቱቦው ውስጥ ጥላ የሌለው ግራጫ ነገር ሞልቷል፤ ዝቃጭ ነው ወይስ ዕጢ? የቀኙና የግራው ቱቦ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሁለቱም በድንገት ተቆርጠዋል፣ ዕጢው ግን ከጉበቱ ጋር አንድ ቀለም ስለሆነ አይለይም። ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚለው ሰው ጉበት ውስጥ ዳር የሌለው ነገር አለ፤ መግል ነው ወይስ ሌላ? ጉበት የተተከለለት ሰው ቢጫነት የሚያመጣው ቢሊሩቢኑ እየጨመረ ነው። ወይም ድሬይን የገባለት ሰው ከረጢቱ ትናንት ማታ ጀምሮ ባዶ ነው። እነዚህ ናቸው ትክክለኛዎቹ ጥያቄዎች።

መጀመሪያ ተራውን አልትራሳውንድ በደንብ ሥሩ

ይሄን ደረጃ መዝለል የሚወድ ሰው ብዙ ነው። አትዝለሉት። አንድ መርፌ ኮንትራስት አንድ ቦታ ብቻ ነው በደንብ የሚያሳየው፣ ስለዚህ አረፋው ሲመጣ ፕሮቡ፣ ቆዳው ላይ የሚያርፈው የማሽኑ ክፍል፣ የት መቀመጥ እንዳለበት ቀድሞ መታወቅ አለበት።

በሽተኛው ቢያንስ 4 ሰዓት ያልበላ ይሁን። በግራ ጎኑ አስተኙት፤ ጉበቱ ወደ ታች ይመጣል፣ የአንጀት አየርም ይሸሻል። የቀኙና የግራው ቱቦ ለሚገናኙበት ቦታ በጎድን አጥንት መሃል ግቡ። ለግራው ክፍል ከደረት አጥንት በታች። ዋናውን ቱቦ ለኩ። እስከ 6 ሚሊ ሜትር ብዙም አያሳስብም፤ ዕድሜው የገፋና ሐሞት ከረጢቱ የወጣለት ሰው ትንሽ ቢሰፋም ይታለፋል። ጉበት ውስጥ ያሉት ቅርንጫፎች ከ2 ሚሊ ሜትር ካለፉ ሰፍተዋል። የደም ፍሰትን በቀለም የሚያሳየውን ከለር ዶፕለር አብሩ፣ ምክንያቱም ሰፋ ያለ ቱቦና ከአንጀት ወደ ጉበት ደም የሚያመጣው ፖርታል ቬይን ጎን ለጎን ሲሄዱ ማንም ይሳሳታል። የታችኛው ጫፍ በአየር ከተሸፈነ ሁለት ሦስት ብርጭቆ ውሃ አጠጡትና ዱዎዲነሙ፣ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ ሲሞላ በእሱ በኩል እዩ፤ ግን ውሃውን የላይኛውን አይታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ አድርጉት።

እዚህ ላይ የሚበሩትን ነገሮች ሁሉ መዝግቡ፦ ጠጠር፣ ቱቦ ውስጥ የገባ አየር፣ ስቴንት፣ የቀዶ ሕክምና ክሊፕ። በኋላ ኮንትራስት ሞድ ላይ እነዚህ ያለ ምንም አረፋ ሊበሩ ይችላሉ። ቀድሞ ያልመዘገበ ሰው "ደም አለው" ብሎ ይጽፋል።

የመሣሪያው ዝግጅት

ከ1 እስከ 5 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ኮንቬክስ ፕሮብና ኮንትራስት ሞድ ያለው ማሽን ያስፈልጋል። ኮንትራስት ሞዱን ክፈቱና ሜካኒካል ኢንዴክሱን፣ የድምፁን ኃይል የሚያሳየውን ቁጥር፣ ተመልከቱ። ከ0.1 በታች ይሁን፤ 0.05 እስከ 0.08 አካባቢ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ከሄደ ድምፁ አረፋዎቹን ራሱ ይሰብራቸዋል፣ እናንተም "ኮንትራስቱ ቶሎ አለቀ" እያላችሁ ትቆጫላችሁ።

ስክሪኑን ለሁለት ክፈሉት፣ በአንዱ ተራው ምስል፣ በሌላው ኮንትራስቱ። ሁለቱም ላይ እኩል የሚሄደውን ጠቋሚ አብሩ፣ ቦታ እንዳይጠፋባችሁ። ፎከሱን ከምታዩት ነገር ዝቅ አድርጉ። ጌይኑን፣ የምስሉን ድምቀት፣ ቀንሱ፣ የኮንትራስቱ ጎን ጥቁር እስኪሆንና ዲያፍራምና ጥቂት ጠንካራ ነገሮች ብቻ እስኪቀሩ። ጥልቀቱን ከሚያስፈልገው በላይ አታድርጉት። ከዚያ ይህን ጥቁር ምስል ለጥቂት ሰከንድ ቅረጹት። ይቺ አጭር ቪዲዮ በኋላ ብዙ ክርክር ታስቀራለች።

ከመስጠታችሁ በፊት በሽተኛውን ጠይቁ

አደጋው ትንሽ ነው። 2006 ላይ ከጣሊያን የወጣ ትልቅ ጥናት ከ23 ሺህ በላይ ምርመራዎችን አይቶ ከባድ ችግር የገጠመው ከ10 ሺህ አንድ ሰው እንኳ አይሞላም ብሏል። ትንሽ ነው ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። አድሬናሊን፣ ኦክስጅንና መተንፈሻ ረዳት ክፍሉ ውስጥ ይኑሩ፤ ኮሪደር ላይ ያለ ቁምሳጥን ውስጥ ሳይሆን እጅ የሚደርስበት ቦታ።

የሚጠየቁት፦ ከዚህ በፊት ይህን ኮንትራስት ወስዶ ችግር ገጥሞት ያውቃል? ማክሮጎል ያለበት መድኃኒት አለርጂ አምጥቶበታል? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ማክሮጎል ለኮሎኖስኮፒ አንጀት ለማጽዳት በሚጠጣው መድኃኒት ውስጥ አለ፣ እኛ በምንሰጠው ኮንትራስት ዱቄት ውስጥም አለ። በቅርብ ጊዜ የልብ ጥቃት የደረሰበት፣ ደረቱን የሚያመው፣ ከባድ የሳንባ ደም ግፊት ያለበት፣ ወይም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ በኦክስጅን እጥረት የሚታገል ሰው ከሆነ አቁሙና ከሚከታተለው ሐኪም ጋር ተነጋገሩ። ከብልቃጡ ጋር የሚመጣውን ወረቀትም አንብቡት፣ ከአገር አገር ይለያያል። የጃፓኑ ሶናዞይድ ከሆነ ደግሞ የእንቁላል አለርጂን ጠይቁ።

መድኃኒቱን መበጥበጥ

ሶኖቪው ዱቄት ሆኖ በብልቃጥ ይመጣል፣ 25 ሚሊ ግራም። አብሮት ያለውን 5 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን፣ የጨው ውሃ፣ አስገቡና 20 ሰከንድ አጥብቃችሁ ነቅንቁት። አጥብቃችሁ ስል ክንዳችሁ እስኪሰማው ማለቴ ነው። በደንብ የተበጠበጠው እንደ ወተት ነጭ ይሆናል። ግድግዳው ላይ የተጣበቀ ነጭ ነገር ካያችሁ ወይም ፈሳሹ ከቀጠነ አልተበጠበጠም። ዝም ብሎ ከተቀመጠ አረፋው ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ስለዚህ ሁለተኛውን መጠን ከመቅዳታችሁ በፊት እንደገና ነቅንቁት። ስሪንጁን ቀስ ብላችሁ ሳቡ። በኃይል መሳብ አረፋውን ይሰብራል።

ለካኑላ 20 ጌጅ ወይም ከዚያ የሰፋ፣ በክርን መታጠፊያ ላይ፣ ግራው ክንድ ይመረጣል፣ ቀኝ እጃችሁ ሥራ ላይ ስለሆነ ነርሷም በነፃነት ትሠራለች። ስሪ ዌይ፣ ባለ ሦስት መንገድ ማገናኛ፣ ከተጠቀማችሁ ኮንትራስቱን በቀጥታው በኩል አስገቡ፣ ሳላይኑን በጎኑ። አረፋው በ90 ዲግሪ ጥግ ዞሮ እንዲገባ ማድረግ ከመሰባበር አያድነውም።

በደም ሥር የሚሰጠው ምርመራ

መጠኑ በማሽኑ ይወሰናል። ለጉበት ከ1.2 እስከ 2.4 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ዘመናዊ ማሽን ከሆነ በትንሹ ጀምሩ፣ ምክንያቱም ከበዛ የፊተኛው ጉበት ያበራና የኋላውን በጥላ ይሸፍነዋል።

ፕሮቡን ችግር ያለበት ቦታ ላይ አስቀምጡና አትንቀሳቀሱ። በሽተኛውን አስቀድማችሁ አስተምሩት፤ አንድ ደቂቃ ትንፋሹን እንዲይዝ መጠየቅ ከንቱ ነው። "አባባ፣ መርፌው ሲገባ ቀስ ብለው አጭር አጭር ይተንፍሱ፣ ያዙት ስልዎት ብቻ ይያዙት" በሏቸው። ለነርሷ ምልክት ስጡ፣ "ሲስተር፣ ስጪ"። ኮንትራስቱ በፍጥነት ይገባል፣ ወዲያው ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ሳላይን ይከተለዋል። ሳላይኑ መግባት ሲጀምር ሰዓቱንም ቀረጻውንም አስጀምሩ።

ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ ስክሪኑ ላይ የመጀመሪያዎቹ ነጠብጣቦች ይታያሉ። የጉበት ደም ቅዳ እየሮጠ ይገባል። የሐሞት ቱቦ ግድግዳ ደሙን የሚያገኘው ከዚሁ ደም ቅዳ ብቻ ነው፣ ከፖርታል ቬይን አይደለም። ስለዚህ ለግድግዳውና ለዕጢው ወሳኙ ይህ የደም ቅዳ ጊዜ ነው። ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ላይ ፖርታሉ ይሞላና ጉበቱ ሁሉ ያበራል፤ ያኔ የሐሞት ቱቦዎቹ በብርሃን መሃል እንደ ጥቁር ቅርንጫፍ ሆነው ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። ብዙ ጊዜ ተራው ምስል ላይ ያላየነውን የሰፋ ቱቦ የምናየው እዚህ ላይ ነው። ከ2 ደቂቃ በኋላ ያለው የመጨረሻው ጊዜ ነው፣ እስከ 5 ደቂቃ አካባቢ ይቆያል።

እስከ 60 ሰከንድ ሳታቋርጡ ቅረጹ። ከዚያ በኋላ ግን ፕሮቡን ያለማቋረጥ አታሳርፉበት። በየ30 ሰከንዱ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ እዩና ምስሉን አቁሙት። አረፋው እንዲቆይላችሁ።

ምን አየሁ?

ቱቦው ውስጥ ያለው ግራጫ ነገር በየትኛውም ሰዓት ካልበራ ደም የለውም። ዝቃጭ፣ ጥላ የሌለው ጠጠር፣ የደም መርጋት፣ ንፍጥ፣ የሞተ ወስፋት ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ አረፋው አይነግራችሁም፤ ያንን የሚነግራችሁ የበሽተኛው ታሪክና ተራው ምስል ነው። ጥንቃቄ የሚሻው ትልቅ ዝቃጭ ውስጥ የተደበቀ ትንሽ ዕጢ ነው። አንድ ቦታ ብቻ አይታችሁ "አይበራም" አትበሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በተለይ ግድግዳው ላይ የተጣበቀበትን ሥር ፈትሹ። ከተጠራጠራችሁ የቀረውን 2.4 ሚሊ ሊትር ስጡና ሌላውን ጫፍ እዩ። ብልቃጡ ለሁለት መርፌ ይበቃል።

ከበራ ደም አለው፣ ሕያው ሥጋ ነው። ጥያቄው እንዴት እንደሚበራና መቼ እንደሚደበዝዝ ነው። የሐሞት ቱቦ ካንሰር በደም ቅዳ ጊዜ ዳሩ ላይ እንደ ቀለበት ወይም ዝንጉርጉር ሆኖ ያበራል፣ ከዚያ ከ60 ሰከንድ በፊት መደብዘዝ ይጀምራል፣ በ2 ደቂቃ ውስጥም ከጉበቱ አንፃር ጠቁሮ ይታያል። ከጉበት ሴል የሚነሳው ካንሰር ደግሞ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ሁሉም ነገሩ አንድ ላይ ያበራና የሚደበዝዘው ዘግይቶ፣ ያውም በትንሹ ነው። ሄፓታይተስ ቢ በበዛበት አገራችን ይህ ልዩነት የወረቀት ጨዋታ አይደለም፣ ሕክምናው ይለያያልና።

የቀኝና የግራ ቱቦ መገናኛ ላይ የሚወጣው ካንሰር፣ 1965 ላይ በስፋት በገለጸው ሐኪም ስም ክላትስኪን የሚባለው፣ ለብቻው ጊዜ ይገባዋል። ተራው አልትራሳውንድ ላይ ዕጢው ራሱ አይታይም፣ የሚታየው የሰፉት ቱቦዎች መቆረጣቸው ብቻ ነው። ከ1 ደቂቃ በኋላ ጉበቱ በርቶ ሳለ መገናኛው ላይ ጥቁር ጉጥ ሲወጣ ታያላችሁ። ያኔ ሦስት ነገር ለኩ፦ ስፋቱን፣ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ምን ያህል እንደገባ፣ ፖርታል ቬይኑንና ደም ቅዳውን ነክቶ እንደሆነ። የቀዶ ሐኪሙ የሚፈልገው እነዚህን ነው። ጉበቱ ውስጥ የተበታተነ ነገር ካለም በዚሁ በመጨረሻው ጊዜ ነው ጥቁር ሆኖ የሚወጣው፣ ስለዚህ ከመጨረሳችሁ በፊት ጉበቱን ሙሉ በፍጥነት ጥረጉት።

መግል ሲሆን ዳሩና በመሃሉ ያሉት ስስ ግድግዳዎች ያበራሉ፣ ክፍሎቹ ውስጣቸው ጥቁር ይቀራል። ተራው ምስል ላይ ድፍን የመሰለው ነገር እዚህ ላይ ምን ያህሉ ፈሳሽ እንደሆነ ይለያል፣ ድሬይን የት እንደሚገባም ያሳያል። አንድ ነገር ግን በጥብቅ እነግራችኋለሁ፦ የተቆጣ፣ ገና ያልፈሰሰ ኢንፌክሽንም ቶሎ ሊደበዝዝ ይችላል። ትኩሳት ያለው ሰው ላይ ቶሎ የደበዘዘ ነገር አይታችሁ በአረፋ ብቻ "ካንሰር" ብላችሁ አትጻፉ። ናሙና ይወሰድ።

ጉበት የተተከለለት ሰው ላይ የመጀመሪያዎቹን 15 እና 20 ሰከንዶች እንዳታመልጧችሁ። የደም ቅዳው ካልመጣ የሐሞት ቱቦዎቹ ሌላ የደም ምንጭ ስለሌላቸው ይሞታሉ። ደም ቅዳው መጥቶም የቱቦው ግድግዳ ካልበራ በስልክ ደውላችሁ ተናገሩ፣ ሪፖርቱ ተጽፎ እስኪደርስ አትጠብቁ።

ቀጥታ ቱቦው ውስጥ ሲሰጥ

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው፣ የመንገዱ ጥያቄ። ለዚህ ድሬይን፣ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ቱቦው ውስጥ የሚተው ቲ ቲዩብ ወይም ቱቦው ውስጥ ያለ መርፌ ያስፈልጋል። በዚህ መንገድ መስጠት የአምራቹ ወረቀት ላይ ያልተፈቀደ አጠቃቀም ነው፤ የአውሮፓ የአልትራሳውንድ ማኅበራት መመሪያ ግን ያውቀዋል፣ ይገልጸዋልም። ለበሽተኛው ይህን ንገሩና ፈቃዱን ውሰዱ።

ለፍሎሮስኮፒ፣ በጨረር ለሚታየው ምርመራ፣ ተራ በሚጠበቅበት፣ ወይም በሽተኛው ከአልጋው ሊነሳ በማይችልበት ጊዜ፣ አልጋው ድረስ ማሽኑን ገፍቶ ሄዶ መልስ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ጨረር የለም፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን ከጨረር ትድናለች።

ሁለቱንም ምርመራ የምትሠሩ ከሆነ በደም ሥር የሚሰጠውን አስቀድሙ። ከዚያ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ጉበቱ እስኪጠቁር። ተገላቢጦሹን ካደረጋችሁ ቱቦው ውስጥ የቀረው አረፋ "ዕጢው በራ" ያሰኛችኋል።

አበጣበጡ ይለያል። ደም ስለሌለ የሚያሟሟው የለም፣ ስለዚህ በጣም ትንሽ ነው የሚበቃው። ከ0.1 እስከ 1 ሚሊ ሊትር ኮንትራስት፣ ብዙ ጊዜም ጥቂት ጠብታ፣ ቢያንስ 10 ሚሊ ሊትር ሳላይን ውስጥ። እኔ በ0.1 ሚሊ ሊትር በ20 ሚሊ ሊትር እጀምራለሁ፣ ካነሰ መጨመር ይቻላል። ከበዛ ግን የፊተኛው ቱቦ ግድግዳ ሆኖ ኋላውን ይጋርደዋል፣ የገባውን ደግሞ መልሶ ማውጣት አድካሚ ነው።

እጃችሁን ታጠቡ፣ ስቴራይል ጓንት አድርጉ፣ የድሬይኑን አፍ በአልኮል ወይም በክሎርሄክሲዲን አሹ። አሁን የማያልፍ ሕግ፦ ከማስገባታችሁ በፊት ሐሞት ሳቡ። የምታስገቡትን ያህል ወይም ከዚያ በላይ። የተዘጋ ቱቦ ውስጥ በግፊት ፈሳሽ መጨመር ባክቴሪያውን ወደ ደም መግፋት ነው፣ ሰውየው በሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የወጣው ሐሞት ቡናማ አረንጓዴ ከሆነ ቀጥሉ። የደፈረሰና መግል የመሰለ ከሆነ እዚያው ላይ አቁሙ። ለካልቸር፣ ለባክቴሪያ ምርመራ፣ ላኩት፣ ድሬይኑን ክፍት ተዉት፣ ምርመራው ለሌላ ቀን ይቆይ።

ከዚያ ካቴተሩን፣ ማለትም የድሬይኑን ቧንቧ፣ ተራው ምስል ላይ ፈልጉ፣ ኮንትራስት ሞዱን ክፈቱ፣ ቀስ ብላችሁ 1 ወይም 2 ሚሊ ሊትር አስገቡ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ከካቴተሩ ጫፍ የሚወጣው ብርሃን መጀመሪያ በትንሽ ጭረት ይታያል፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ቅርንጫፍ ይዞራል። ትንሽ ትንሽ ጨምሩ፣ በጠቅላላው ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር። በሽተኛው ካመመው ወይም ከበረደው አቁሙ።

ንባቡ እንዲህ ነው። ብርሃኑ ዋናውን ቱቦ ወርዶ ዱዎዲነም ውስጥ ከፈነጠቀ መንገዱ ክፍት ነው። ዱዎዲነም አየር ስላለበት ግራ ያጋባል፣ ስለዚህ ከመስጠታችሁ በፊት የቀረጻችሁትን ጥቁር ምስል ጎን ለጎን አስተያዩ። ግራ በኩል ባለ ድሬይን ሰጥታችሁ የቀኞቹ ቱቦዎችም ከሞሉ መገናኛው ክፍት ነው፤ ዕጢው መገናኛውን ምን ያህል እንደያዘ በሚለየው የቢስሙትና ኮርሌት አመዳደብ ላይ አንደኛው ዓይነት ነው። ግራው ሞልቶ ቀኙ ሰፍቶ ሳለ ጥቁር ከቀረ ተለያይተዋል፣ ቢያንስ ሁለተኛው ነው፣ ያም ማለት አንድ ድሬይን ቀኙን አያፈስለትም። ግን ቶሎ አትፍረዱ። በሽተኛውን በሌላ ጎኑ አስተኝታችሁ እንደገና እዩ። ደግሞ የቀኙ ኋለኛ ቱቦ ወደ ግራው የሚገባባቸው ሰዎች አሉ፣ ብርቅ አይደለም፤ እነሱ ላይ ከቀኙ ግማሹ ብቻ ይሞላል።

ብርሃኑ ከጉበት ውጪ፣ በካቴተሩ መንገድ ወይም ከጉበት በታች ከተጠራቀመ ይፈሳል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ካቴተሩ ትንሽ ወጥቶ የጎን ቀዳዳው ከጉበት ውጪ ቀርቶ ነው። ብርሃኑ በሰከንዶች ውስጥ በደም ሥር ተጠርጎ ከጠፋና ጉበቱ ካበራ ደግሞ ቀዳዳው ወይም መርፌው ደም ሥር ውስጥ ነው። መርፌ ስታስገቡም ይህቺ ልዩነት ትጠቅማለች፦ ቱቦ ውስጥ ያለ አረፋ ይቀመጣል፣ ደም ሥር ውስጥ ያለው ይሸሻል። ምንም ካልገባ ካቴተሩ ታጥፏል ወይም ተደፍኗል፤ በኃይል አትግፉ።

የማይችለውን አትጠይቁት

በአየር የተሸፈነ የታችኛውን ቱቦ አረፋ አያወጣውም። ካንሰሩ ሰውነቱ ውስጥ የት የት እንደደረሰ ለማወቅ ሲቲ ያስፈልጋል። ሙሉ የቱቦ ካርታ ሲፈለግና ድሬይን ሳይኖር የሐሞት ቱቦ ኤምአርአይ የሆነው ኤምአርሲፒ ይሻላል። በጣም ወፍራም ሰው ላይ፣ በጣም በሰባ ጉበት ላይ፣ ከቆዳው ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ጠልቆ ያለ ነገር ላይ ምስሉ ይደክማል፣ "አልበራም" የሚለው ቃላችሁም አብሮት ይደክማል።

ሪፖርቱ ላይ

ጥያቄውን መጀመሪያ ጻፉ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ በየት በኩል እንደተሰጠ፣ ስንት ጊዜ። ከዚያ የተገኘውን በሰዓት፦ "በ18ኛው ሰከንድ ዳሩ በራ፣ በ45ኛው መደብዘዝ ጀመረ፣ በ2 ደቂቃ ጠቆረ።" ሰዓት የሌለው የኮንትራስት ሪፖርት ለሚቀጥለው ሐኪም አይጠቅምም። ያልታየ ክፍል ካለ አልታየም ብላችሁ ጻፉ። ቪዲዮዎቹን አስቀምጡ፣ ፎቶ ብቻ አይበቃም።

በደም ሥር የወሰደውን ሰው ካኑላውን ሳታወጡ 30 ደቂቃ አቆዩት። በድሬይኑ የተሰጠው ሰው ላይ ደግሞ የገባውን መልሳችሁ ሳቡ፣ በትንሽ ሳላይን እጠቡት፣ ከረጢቱን አያይዙና ቧንቧው ክፍት መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ከታጠፈ ወይም ስሪ ዌዩ ከተዘጋ ሌሊቱን ሲያንቀጠቅጠው ያድራል። ለተረኛዋ ነርስ በቃል ንገሯት፣ ቻርቱም ላይ ጻፉ፦ ትኩሳቱ ከ38 ካለፈ ወይም ከረጢቱ ውስጥ ሐሞት ካልወረደ ሌሊትም ቢሆን ይደወል።